ግራ ሲሰጡ የበራው ቀኝ ፍሬቻ

ከጎንደር ወደ ዳባት የጭነት መኪና ተከትሎ የወጣ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። ኮሶዬ ላይ ዳገቱ ሲጠና ከባዱ መኪና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ ከኋላው ያለው ከጭነቱ ሸራ በቀር ምንም አይታየውም። ስለዚህ የፊተኛው ያይለታል። መንገዱ ባዶ ከሆነ ቀኝ ፍሬቻውን ያበራለታል፤ «እለፍ» ማለቱ ነው። ከፊት የሚመጣ ካለ ግራውን ያበራል፤ «ቆይ፣ አትውጣ» ማለቱ ነው። ይህ ሕግ በመንጃ ፈቃድ ትምህርት አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ ማንም አይስተውም። በስም እንኳ የማይተዋወቁ ሰዎች በዚያች ብልጭታ ነፍሳቸውን አንዱ ለሌላው አደራ ይሰጣሉ።

አከራዬ በዚህ መንገድ ላይ ያረጁ ሹፌር ናቸው። ዳባት ውስጥ በእሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ገብስና ድንች ወደ ጎንደር ያወርዳሉ፤ ሲመለሱ ሲሚንቶም ይሁን ጨው የተገኘውን ይጭናሉ። ሰው ሁሉ «አያ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሌሎቹ ሹፌሮች ስለ እሳቸው ሲያወሩ መኪናቸውን አያነሡም፤ መኪናው የሚወራለት አይደለም። የሚያነሡት ፍሬቻቸውን ነው። «የአያ ፍሬቻ እለፍ ካለህ ዐይንህን ጨፍነህ እለፍ» ይላሉ። በዚያ መንገድ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ስም የለም። ያንን ስም ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያበላሸሁትም ለማስተማር ስል ነው።

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ከልክ በላይ ሳልወደው አልቀርም። አንድ ነገር ከገባኝ ለሰው ሳልነግር መዋል አይሆንልኝም። ለሁሉም ነገር ደብተር አለኝ፤ ገጹን በሦስት እከፍልና «ችግር»፣ «ምክንያት»፣ «መፍትሔ» ብዬ እጽፋለሁ። በዚያ ሰሞን ስለ ብርሃን እያስተማርሁ ነበርና የድሮውን አምፖልና ኤልኢዲን ለተማሪዎቼ አወዳድሬ ነበር። ወደ ቤት ስገባ የአያን መኪና አየሁት። የኋላው ፍሬቻ በአቧራ የተሸፈነች ደብዛዛ ብርቱካን ትመስል ነበር።

«አያ፣ እኒህን አምፖሎች በኤልኢዲ እንለውጣቸው» አልኋቸው።

«ምነው? እኒህ ምን አጠፉ?»

ዘረዘርሁላቸው። ኤልኢዲ ትንሽ ከረንት ይበቃዋል። ብርሃኑ በጉም ውስጥ ከሩቅ ይታያል። የሚቃጠል ክር የለውም፣ ስለዚህ አይበጠስም። አያ ጎማውን በእግራቸው እየነኩ አዳመጡኝ።

«ይኸ አምፖል መሞቱንስ ይሞታል» አሉ። «ግን ሲሞት ይነግረኛል። አንዱ የጠፋ እንደሆነ ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ወርጄ እለውጠዋለሁ። ያንተውስ ሲሞት ይናገራል?»

«የእኔው አይሞትም፣ አያ።»

እንዲህ ነበር ያልሁት። ዛሬ ብቻዬን ስሆን ይህ ዓረፍተ ነገር ትዝ ይለኝና ፊቴ ይግላል።

አምፖሎቹን ከጎንደር ፒያሳ ገዛሁ፤ አራት የፍሬቻ አምፖልና ከእነሱ ጋር የሚስማማ፣ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ አዲስ ዕቃ፣ ሹፌሮች «ፍላሸር» የሚሉትን። በማሸጊያው ላይ ስለ ዕድሜው የተጻፈውን እንደ መማሪያ መጽሐፍ አመንሁት። የተጻፈው ውሸት ነው አልልም። የሚናገረው ግን ብርሃን ስለምትሰጠው ትንሿ ቅንጣት ብቻ ነው። እኔ የገዛሁት ቅንጣቷን ብቻ ሳይሆን ብየዳዋንም፣ እግሯንም፣ ሙቀቷን የሚሸከመውን ቀጭን ቆርቆሮም ጭምር ነው። እነዚህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሚያንገጫግጭ መንገድ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ማሸጊያው አይናገርም። ለተማሪዎቼ «ያልተጻፈውንም ጠይቁ» እላለሁ። እኔ አልጠየቅሁም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገጠምናቸው። የግቢው ሰው ተሰበሰበ፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም መጡ። የሒሳቡ መምህር አጥር ተደግፎ ይቀልድብኝ ነበር።

«መምህር፣ ተማሪ አልበቃህ ብሎ ማኪና ልታስተምር ጀመርህ?»

«ቢያንስ ማኪናው አያንቀላፋም» አልሁት፤ ሰው ሳቀ።

አያ መሪው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ቆምሁ። ሹፌር የራሱን ኋላ ማየት ስለማይችል እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ አንድ ሰው ከኋላ ይቆምለታል። አያ በመስኮት ጮኹ።

«ቀኝ ሰጠሁ! ምንድን ነው እምታየው?»

ቀኙ በራ። እንደ ፀሐይ ነው የበራው። ነገር ግን ግራውም አብሮት ብልጭ ይል ነበር፤ ከቀኙ ጥቂት ብቻ ደብዘዝ ብሎ።

«ግራስ?»

ግራው በራ። ቀኙም አብሮ በራ።

ሰው ሁሉ አጠገቤ ነበር፤ ነገር ግን የሚያየው ድምቀቱን እንጂ የትኛው ፍሬቻ መብራት እንዳለበት አልነበረም። የሒሳቡ መምህር እንኳ «አቤት ድምቀት!» አለ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንዱ ሽቦ ላልቶ ይሆናል፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ አሰብሁ።

«መምህር! ምን አየህ?» አሉ አያ እንደገና።

«ሸጋ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

ማክሰኞ ማታ ምክንያቱ ገባኝ። ከመሪው ኋላ፣ ፍሬቻ ሲሰጥ የምትበራ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች። በአዳዲሶቹ መኪኖች ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ናቸው፤ በአያ አሮጌ መኪና ግን አንዲት ብቻ ናት፤ አንድ እግሯ በግራው ሽቦ፣ ሌላው በቀኙ ሽቦ ላይ ተተክሏል። ግራ ሲሰጥ ጥቂት ከረንት በእሷ በኩል አልፎ ወደ ቀኝ አምፖሎች ይሄዳል። የድሮው አምፖል ያንን ጠብታ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ክሩን እንኳ አያሞቅለትም። ኤልኢዲ ግን በጠብታም ይበራል። እኔ «ትንሽ ይበቃዋል» ብዬ ያመሰገንሁት ጠባዩ ነው ጥፋቱ። መፍትሔውም ቀላል ነበር፤ ከረንትን በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ትናንሽ ዳዮዶች መግጠም።

በደብተሬ ላይ ሦስቱንም ዓምድ ሞላሁ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ለአያ አልነገርኋቸውም። ጥፋቴን ብቻውን ይዤ መቅረብ አሳፈረኝ። ዳዮዶቹን ቅዳሜ ከጎንደር ገዝቼ፣ ጥፋቱን ከመፍትሔው ጋር አሰናድቼ ላቀርብ ወሰንሁ።

ሐሙስ ዕለት አያ በር ላይ አገኙኝ። «ያች አረንጓዴዋ እኮ ደበዘዘች» አሉኝ። «ካምፖሉ ወዲህ ነው።»

«አዲሱ አምፖል ትንሽ ከረንት ስለሚወስድ ነው፣ አያ» አልሁ። ይህም እውነት ነው። እውነቱን ከፍዬ ግማሹን ብቻ የሰጠኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከሚገኝ የራዲዮ ጠጋኝ ሁለት ዳዮዶች አገኘሁ። በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ፤ ከሰዓት በኋላም ከአያ ጋር ወደ ዳባት ተነሣሁ። ሲሚንቶ ጭነው ነበር። ኮሶዬ ስንደርስ የሰኔው ጉም መንገዱን ሸፈነው።

«ምነው ዝም አልህ?» አሉኝ። «ሌላ ጊዜ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ታስተምረኝ የለ?»

«ደክሞኝ ነው፣ አያ።»

ደክሞኝ አልነበረም። የምነግራቸውን ዓረፍተ ነገር በልቤ እያስተካከልሁ ነበር። አንድ ሚኒባስ ከኋላችን ተጠግቶ ነበር። አያ በመስታወት አዩት። «ይኸ ሰው ቸኩሏል» አሉ። ወዲያው ከፊታችን፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሚወርድ የጭነት መኪና ሁለት መብራቶች ብቅ አሉ። «ቆይ ወንድሜ፣ ቆይ» አሉ አያ ለራሳቸው፤ እጃቸውም የፍሬቻውን ዘንግ ወደ ግራ አደረገው። በዐይኔ አየሁ። ግራ ነው የሰጡት።

ሚኒባሱ ወጣ።

ከፊት የሚመጣው ክላክስ ሲነፋ፣ አያ መኪናቸውን ወደ ቀኝ ጥግ ሲያስጠጉ፣ ሚኒባሱ ደግሞ መግቢያ አጥቶ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ሆነ። በተራራው በኩል ካለው ቦይ ገብቶ በጎኑ ተኛ። የሞተ ሰው የለም። ይህን ቶሎ የምጽፈው አንባቢ እንዳይጨነቅ ብቻ አይደለም፤ እኔም ራሴን የማጽናናው በዚህችው ነው። አንዲት እናት ግንባሯ ተፈነከተ፤ የሹፌሩ የትከሻ አጥንት ተሰበረ። አያ በሽማግሌ ጉልበታቸው ቦይ ውስጥ ወርደው ሰዎቹን አንድ በአንድ አወጡ። ሹፌሩ ክንዱን በሌላው እጁ አቅፎ ቆመና አያቸው።

«አያ! እርስዎ ነዎት? እለፍ ብለውኝ ነው እኮ የወጣሁ! ቀኝ ሰጥተውኝ ነው እኮ!»

«እኔ? ግራ ነው የሰጠሁህ! ይች እጄ ትቆረጥ!»

«ቀኝ ነው ያየሁ። በልጆቼ እምላለሁ፣ ቀኝ ብቻ ነው ያየሁ!»

ሄጄ የመኪናውን ኋላ አየሁ። የግራው የኋላ ኤልኢዲ ከእግሩ ተነቅሎ የፍሬቻው መስታወት ውስጥ ወድቋል፤ ብየዳው ለቋል። አዲሱ ፍላሸር ደግሞ አምፖል ቢሞትም ባይሞትም እኩል ይመታል፤ ለአያ የሚነግራቸው አልነበረም። ስለዚህ ግራ ሲሰጡ ከኋላ ሲበራ የዋለው ቀኙ ብቻ ነው። ሁለቱም ሰዎች እውነት ይናገሩ ነበር፤ ሁለቱም እውነት እንደሚናገሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ዳዮዶቹ ትከሻዬ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበሩ።

የትራፊክ ፖሊሱ ሲመጣ ጠየቀኝ። «አንተ ከጎናቸው ነበርህ። ምን አየህ?»

«ግራ ሲሰጡ አይቻለሁ» አልሁ።

ማንም «እስቲ ፍሬቻውን እንደገና አብሩት» አላለም። ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

በማግሥቱ አያ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ የባሰውን አደረግሁ። ዳዮዶቹን ገጠምሁ፤ የወደቀውን ኤልኢዲ አውጥቼ በቦታው የድሮውን አምፖል መለስሁ። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ለማንም ሳልናገር ማድረጌ ግን ከዚህ የመጣ አይደለም።

ሹፌሮቹ ነገሩን በሽምግልና ሊጨርሱት በሳምንቱ ዳባት መናኸሪያው ጥግ ተሰበሰቡ፤ ሦስት ሽማግሌ ሹፌሮችና አንድ ቄስ። የሚኒባሱ ሹፌር ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ ከጎንደር መጣ። ገና ከመጀመራቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ማኪናው ይምጣና ይታይ» አለ። አያ መሪው ላይ ወጡ፤ ሰው ሁሉ ከኋላ ቆመ። ግራ ሰጡ፤ ግራ በራ። ቀኝ ሰጡ፤ ቀኝ በራ። አሥር ጊዜ ቢያደርጉት ያው ነበር። አስተካክዬዋለሁና።

ያው ሽማግሌ ወደ አያ ዞረ።

«እንግዲህ አያ፣ ማኪናው ጤነኛ ነው። የሚኒባሱ ልጅም በሐሰት አይምልም። ዕድሜ ነው፤ እጅ ይስታል። ቁልፉን ለሌላ ቢሰጡት አይሻልም?»

አያ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩት፤ እንደ ሰው ዕቃ ነው ያዩት።

«እኔ እንጃ» አሉ ቀስ ብለው። «ግራ የሰጠሁ ይመስለኛል። ምናልባት እጄ ይሆናል።»

ያን ጊዜ ተነሣሁ። «ልናገር» አልሁ፤ ልናገርም ነበር። ግን አፌን ስከፍት የወጣው ትምህርት ነው። እንጨት አንሥቼ መሬት ላይ ሣልሁ፤ ባትሪውን፣ ግራና ቀኙን ሽቦ፣ ትንሿን አረንጓዴ መብራት። ስለ ጠብታዋ ከረንት አስረዳሁ። አንዱ ሽማግሌ ጠየቀ፤ መለስሁ፤ ሌላው ጠየቀ፤ በምሳሌ ደገምሁለት። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሆኖ ጠራ። መጨረሻ ላይ «ከአደጋው በኋላ ስመረምር ደርሼበት አስተካከልሁት» አልሁ። ይህችን ሐሰት የጨመርኋት ሥዕሉ እንዲሟላልኝ ይመስል በቀላሉ ነው።

«አይ መማር!» አለ ሽማግሌው። «መምህሩ ባይኖር እኮ የሽማግሌ እጅ ልንኮንን ነበር!»

ቄሱ መረቁኝ። የሚኒባሱ ሹፌር በደህና እጁ ጨበጠኝ። «ሁለታችንንም ከውሸታምነት አወጣኸን፤ እግዜር ይስጥህ» አለኝ። «አሜን» አልሁ። አያ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አያ የቀሩትን ኤልኢዲዎች በካቻቢቴ ሲፈቱ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቆምሁ። በዚህ ጊዜ የተሰናዳ ነገር አልያዝሁም።

«አያ፣ ያን እሑድ ከኋላ ቆሜ ሳለሁ ሁለቱም ሲበሩ አይቻለሁ።»

ካቻቢቴው ቆመ። «አይተህ ነው ሸጋ ነው ያልኸኝ?»

«አዎ። ምክንያቱንም ማክሰኞ አውቄዋለሁ። ኮሶዬ ላይ መድኃኒቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከረንቱ...»

«ተው» አሉ። «ስለ ከረንት ነግረኸኛል።»

ብሎኑን ፈትተው ጨረሱ። ከዚያ ሳያዩኝ «ትላንት እጄን ስጠረጥራት አይተኸኛል» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አላለም። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።

«ሂድና ለሰውየው ንገረው። እኔ አልነግርልህም። ለሽማግሌዎቹም ሰንበት ሲሰበሰቡ ትናገራለህ፤ መሬት ላይ ሳትሥል።»

የሚኒባሱ ሹፌር ጎንደር፣ ከቁስቋም ግርጌ ነው የሚኖር። ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት፤ ሲያየኝ በደስታ ሊነሣ ሞከረ። ቆሜ ነገርሁት። በአራት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ለካ ይህን ያህል አጭር ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ።

«መሳሳቱስ ምን አለበት፣ ሰው ይሳሳታል» አለኝ። «ግን መናኸሪያው ላይ እግዜር ይስጥህ ስልህ፣ ምነው አሜን አልህ?»

ላስረዳው የማልችለው ነገር ሲገጥመኝ ያ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ግባ አላለኝም፤ ሂድም አላለኝም። ትንሽ ቆሜ ሄድሁ።

ለሽማግሌዎቹም ተናገርሁ። ከመካከላቸው የሳቀም፣ የተቆጣም አልነበረም፤ አንዱ ብቻ «እንግዲህ ይህንም አስተምርበት» ብሎ ፊቱን አዞረ። አያ መኪናቸውን ይነዳሉ፤ ቁልፉን የጠየቃቸው የለም። ግን ከኋላቸው የሚወጡ ሹፌሮች ቀኝ እየተሰጣቸው እንኳ አንዳንዴ አንገታቸውን አውጥተው ራሳቸው ያያሉ አሉ። ስሙ እንዳለ አልተመለሰም። የሚመለስ ከሆነም በብልጭታ በብልጭታ ነው የሚሆነው፤ እኔ ላፈጥነው አልችልም።

አያ ቤቱን ልቀቅ አላሉኝም። ለብዙ ቀን ግን ከሰላምታ ያለፈ አልተናገሩኝም። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ መሪው ላይ ተቀምጠው ክላክስ ነፉ።

«መምህር! ና እስቲ፣ ከኋላ ቁም።»

ቦርሳዬን አስቀምጬ ቆምሁ። መምጣቴን በመስታወት ካዩ በኋላ ፍሬቻ ሰጡ።

«ግራ ነው። ምንድን ነው እምታየው?»

የድሮው አምፖል ነበር። አየሁት፤ ቀኙንም አየሁ፤ ለማረጋገጥ ጠጋ ብዬ ደግሜ አየሁ።

«ግራው ብቻ ነው የሚበራ፣ አያ! ግን ደብዛዛ ነው! መስታወቱም ተሰንጥቋል!»

ፍሬቻው ጥቂት ጊዜ መታ።

«ደብዛዛ ነው?» አሉ።

«ደብዛዛ ነው!»

«እሽ» አሉና አጠፉት። ከመኪናው ወርደው ጨርቅ ሰጡኝ፤ እሳቸው ቀኙን፣ እኔ ግራውን መወልወል ጀመርን።